ለጽዳት የመጡት ሴትዮ

የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አጭር ነበር። የወሊድ ፈቃዴም፣ በላዩ ላይ ለምኜ ያስጨመርኩትም አልቋል፤ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘሁ የድልድዩ ሥራ ለሌላ መሐንዲስ ይተላለፋል። ያንን ድልድይ አራት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ስሠራው ኖሬያለሁ። የእያንዳንዱን ምሰሶ ቁመት እንደ ልጄ ክብደት በቃሌ አውቀዋለሁ። ወንዙ ዳር የመጀመሪያው ምሰሶ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ ግን እኔ ሳሎን ውስጥ ማንኪያ ይዤ እለማመጥ ነበር።

የምለማመጠው የስምንት ወር ልጄን ነው። ቤት ውስጥ ሚጢጢ እንላታለን። ሚጢጢ ከእኔ ጡት በስተቀር ምንም ነገር፣ ከማንም እጅ አትቀበልም። ጡጦ ሞከርን፤ ሰባት ዓይነት ጡጦ መደርደሪያው ላይ ተሰልፎ አባቷ «ሙዚየሙ» ይለው ነበር። ድንች ፈጨን፣ ካሮት ፈጨን፣ ሙዝ ፈጨን። ማንኪያው ገና ከሳህኑ ሲነሳ አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋና ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መርምሯት ጤነኛ ናት፣ ሲርባት ትበላለች ብሎ ሰደደን። አንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ጠዋት ወጣሁና እስከ ማታ ከቤት ጠፋሁ። ስመለስ ልጅቷ ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ማንኪያ ሳትቀምስ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ አባቷ ትከሻ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ ይህን ሙከራ ደግመን አላነሳነውም።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሊያግዙን ከሌላ ከተማ ከመጡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ አንዱም ምግብ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም የነበረው ችግር ሳህኑን ከእጃቸው ማስጣል ነበር ይላሉ። ስለ ሥራዬ ያላቸው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ድልድይ ሌላ ሰውም ይሠራዋል፣ እናት ግን አንድ ናት። ሚጢጢ ታዲያ እርሳቸውንም አልማረቻቸውም። እርሳቸው ማንኪያ ሲያነሱ ጭራሽ ባሰባት። አማቴ ማንኪያውን አስቀምጠው «እናቷን ነው የምትፈልገው» ብለው ይነሳሉ። እኔ ይህን ስሰማ የሚወቅሱኝ ይመስለኝ ነበር። ራሳቸውን እያጽናኑ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ደብዳቤው ረቡዕ ደረሰኝ። ሐሙስ ወደ አንድ የሥራ አገናኝ ቢሮ ደወልኩ፤ ሁለት ሞግዚቶችና፣ ቤቱም በልጅቷ ጣጣ ተበለሻሽቶ ስለነበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያጸዳ አንድ ሰው ቅዳሜ እንዲልኩልኝ ተስማማን። ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ ሃያ ሁለት ጥያቄ አዘጋጀሁ። መሐንዲስ ሲጨንቀው ዝርዝር ያወጣል። ባሌ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ለዚህ ፈተና እርሱ ቢቀመጥ አባትነቱን እንደሚነጠቅ ነገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የምግቡን ጠረጴዛ አጸዳን። እኔ ወረቀቴን ይዤ በአንድ በኩል፣ አማቴ እንደ ዳኛ እጃቸውን አጣጥፈው በራስጌው፣ ሚጢጢ በመመገቢያ ወንበሯ፣ ባሌ ደግሞ በርና ሻይ።

የመጀመሪያዋ በሰዓቷ መጣች። ዘጠኝ የምስክር ወረቀት በላስቲክ ማኅደር ይዛለች፤ አንዱ የአበባ አደራደር ነው። ሃያ ሁለቱንም ጥያቄዎች ሳትደናቀፍ መለሰች፤ አንዳንዱን እንዲያውም ጠይቄ ሳልጨርስ። ስለ ምግቡ ስነግራት ፈገግ ብላ ይህ ቀላል ነው አለች። መድኃኒቱ ሦስት ቀን ነው። እናት ከቤት ትወጣለች፣ ጡት ይቆማል፣ ልጅ ሲርበው ይጮኻል፣ ማንም አይሰማውም፤ በሦስተኛው ቀን እጁን ይሰጣል። ሸኝተናት በሩ ሲዘጋ አማቴ፣ ይህቺ ሴት ልጅ ልታሳድግ ሳይሆን ከተማ ከብባ ልታስርብ ነው የመጣችው አሉ። እኔና አማቴ ከተዋወቅን ጀምሮ በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ስንስማማ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ ገና ወጣት ናት። ስትገባ ጀምሮ ትስቃለች፤ ሚጢጢም አይታት ሳቀች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ተሸሸገችላት፣ ጣቶቿን አስቆጠረቻት፣ አፍንጫዋን ነካ ነካ አደረገቻት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቴን ገልብጬ አስቀመጥኩና ድንቹን እንድትሞክር ብቻ ጠየቅኋት። ማንኪያውን አውሮፕላን አድርጋ በአየር ላይ አዙራ አዙራ ስታመጣው ሚጢጢ እንደ ልማዷ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። ወጣቷ በማንኪያው ተከተለቻት፤ ትንሽ ድንች ከንፈሯን አልፎ ገባና ትን አላት፤ ከዚያ ያ የምናውቀው ለቅሶ። ሳቂታዋ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደግ ልጅ ነበረች፣ ሐቀኛም ነበረች፤ እንዲህ ስታለቅስ ማየት አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሚጢጢን አቅፌ ቆምኩ። አማቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም፣ «ይኸው አየሽው ልጄ» አሉኝ። «ሰኞ የትም አትሄጂም።»

የእኔ ድልድይ በዚያች ደቂቃ ተደረመሰ።

ባሌ ኮሪደሩ ላይ ሰው እንደሚጠብቅ አስታወሰኝ። ለጽዳቱ የመጡት ሴትዮ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰው ነበር፤ እርሱም ወንበር ሰጥቷቸው እስከዚያ ድረስ ረስቷቸው ነበር። ልጄን ለአባቷ ሰጥቼ ወጣሁ። ረዘም ያሉ፣ ፀጉራቸው ጆሮ ግንዳቸው ላይ የሸበተ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። እጆቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር። ከተቀመጡበት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ይታያል። ሁሉን አይተዋል ማለት ነው።

ለጽዳት ያዘጋጀሁት ጥያቄ አራት ብቻ ነበር፤ እርሱንም በቅጡ አልጠየቅኋቸውም። መስኮት፣ ወለል፣ የትኞቹ ቀናት። እርሳቸው ቀስ ብለው፣ አንድ አንድ ቃል እየመረጡ መለሱ። ስጨርስ እርሳቸውም አንድ ነገር መጠየቅ ይችሉ እንደሆነ ፈቃድ ጠየቁኝ።

«ለልጅቷ ሁልጊዜ ማንኪያውን ከላይ ነው የምታመጡላት?»

ጥያቄው አልገባኝም። ተነስተው አሳዩኝ። ወንበሩ ለእርሷ ሰፊ ነው፤ ወደ ኋላ ያንሸራትታታል። እግሯ ተንጠልጥሏል። እኛ ቆመን ነው የምናበላት፤ ስለዚህ ማንኪያው ሁልጊዜ ከዓይኗ በላይ ይመጣል፤ እርሷም ልታየው ስትል ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ደግሞ ምግብ ሳይሆን ትንታ ነው የሚውጠው። «እምቢተኛ አይደለችም» አሉ። «ፈርታ ነው። እርስዎስ እግርዎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንገትዎ ተቀልብሶ፣ አራት ሰው አፍ አፍዎን እያየዎት ይበላሉ?»

ይህን የት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያበሉ ኖረዋል። ክፍሉ ግማሽ ጎናቸው የደረቀባቸው፣ ጉሮሯቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች የሚተኙበት ነው፤ ውሃ እንኳ የሚያንቃቸው። ሥራቸው ምግብ ማደል ተብሎ ይጻፍ እንጂ እርሳቸው የሚያደርጉት ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው ማንኪያን እንደገና እስኪያምን ድረስ አጠገቡ መቀመጥ። አንዳንዱ ላይ ሳምንት ይፈጃል። ነርሶቹ ዝግታ የሚል ስም አወጡላቸው። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ትጠብቃለች ይሏቸው ነበር። በኋላ ግን ሌላው ያቃተው በሽተኛ ሲመጣ «ዝግታን ጥሩ» ማለት ተለመደ። ከዚያ የምግቡ ሥራ ለአንድ ድርጅት በኮንትራት ተሰጠና ጋሪ እየገፉ በሃያ ደቂቃ ክፍሉን የሚጨርሱ ሰዎች መጡ፤ ዝግታ ተሰናበቱ። ሥራ አገናኞቹ ዘንድ ለሞግዚትነት ቢመዘገቡ ስንት ልጅ ይዘሻል ተባሉ። አንድም። የራስሽስ? የለኝም። እንግዲያው ጽዳት።

የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ያው ነበር። ቁጥር አንድ፦ «ስንት ልጅ አሳድገዋል?»

እንዲሞክሩ ለመንኳቸው። አማቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ለጽዳት የመጣ ሰው ምን ሲሆን ነው የሚል ፊት ነበር። ዝግታ ግን በመጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያ ሁለት ፎጣ ጠቅልለው በሚጢጢ ግራና ቀኝ ወሸቁ፤ ሦስተኛ ደግሞ ከጀርባዋ። ለእግሯ መርገጫ ጠየቁ። ባሌ ዙሪያውን ተመልክቶ ትልቁን የካርታ መጽሐፍ፣ አትላሱን፣ አመጣና ካርቶን ላይ አስቀመጠው። ሚጢጢ ዓለምን ከነውቅያኖሱ ረገጠችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ልጄ እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ነበር።

ዝግታ በአጭር መቀመጫ፣ በዱካ ላይ፣ ከእርሷ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። አንድ ባዶ ማንኪያ ሰጧት። ሌላውን ሳህኑ ውስጥ ተዉትና ወደ እኛ ዞረው ሰው ሲበላ ማፍጠጥ ነውር ነው፣ ጨዋታ አምጡ አሉን። ምን እንደምናወራ ጠፋብን። በመጨረሻ ባሌ ስለ ተማሪዎቹ ፈተና ማውራት ጀመረ፤ አንዱ ልጅ በረሃ ማለት ዝናብ የረሳው ቦታ ነው ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ እንደሰጠው። አማቴ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እኔ በዓይኔ ጥግ ልጄን አያለሁ።

አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ዝግታ ማንኪያውን ጥቂት ድንች አስነክተው ከታች፣ ከአገጯ ወረድ ብሎ ያዙት። አልገፉትም። እዚያው አቆሙት። እጃቸው ፍንክች አላለም፤ እኔ ክንዴ በእርሳቸው ምትክ ዛለ። ሚጢጢ ማንኪያውን አየችው፤ የራሷን ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ደበደበች፤ እንደገና አየችው። ዝግታ ወደ ባሌ ዞረው ያ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው ብለው ጠየቁ። ይህን እየጠየቁ ሳለ ሚጢጢ ጎንበስ አለች። ራሷ፣ ወደ ፊት፣ አንገቷን ቀልሳ ጎንበስ አለችና ማንኪያውን በአፏ ያዘችው።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዝግታ በሌላው እጃቸው ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጡን። አንድ ዋጠች። ቆየችና ሁለት። አራት ማንኪያ በላች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ዝግታም ወዲያው ሳህኑን አነሱ። አንድ ልጨምርላት ብዬ እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «በቃኝ ስትል ካልሰማናት፣ ነገ ብይ ስንላት አትሰማንም።»

ሃያ ሁለት ጥያቄዬ እዚያው አለቀ። ሞግዚት ሆነው እንዲገቡ ጠየቅኋቸው። አማቴ ግን ወደ ጓዳ ጠሩኝና በሩን ገፋ አድርገው፣ አራት ማንኪያ ዕድል ነው አሉ፤ ልጅ ይዛ የማታውቅ ሴት፣ ከሆስፒታል የወጣች፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማናውቃት። ባሌም በር ላይ ቆሞ የእናቱንም የእኔንም ፊት ያያል፤ የቸገረው ሰው ቶሎ ይወስናል ብሎ ፈርቷል። አልተናደድኩባቸውም። እኔም ብሆን ድልድይን በአንድ እግረኛ መርምሬ አልከፍትም። ስለዚህ ሙሉ ጭነት እንሞክር አልኳቸው፤ ነገ እሑድ ነው፤ እኔ ጠዋት አጥብቻት እወጣለሁ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት አልመለስም፤ አማቴና ባሌ እዚሁ ሆነው ያያሉ። ካልበላች ለመሥሪያ ቤቱ ሥራውን ትቻለሁ የሚል ደብዳቤ ራሴ እጽፋለሁ። አማቴ ተስማሙ። እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ስለነበሩ ይመስለኛል ሌሊቱን የተረጋጋ እንቅልፍ የተኙት።

እሑድ ከቤት ስወጣ መሄጃ አልነበረኝም፤ እግሬ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። የግንባታው ዘበኛ አወቀኝና የራስ ቁር ሰጥቶ አስገባኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። የብረቱ ቅርጫት ገብቷል፤ ሲሚንቶ የሚሞላበትን ቀን ይጠብቃል። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልደወለም። ሰባት ሆነ። መደወል ፈለግሁ፤ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል፤ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ዘበኛውም አይቶ እንዳላየ ዞሮ ሄደልኝ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ከፈትኩ። ፊት ለፊት የጠበቁኝ አማቴ ናቸው። የቀሚሳቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ድረስ ድንች በድንች ሆኗል፤ ግንባራቸው ላይ ካሮት አለ። ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ባዶ ነው።

«ከእኔ እጅ በላች» አሉ። ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጉት። «ሰማሽ? ከእኔ እጅ።»

የሆነውን ባሌ ነው የነገረኝ። ጠዋት ሚጢጢ ምንም አልነካችም። እኔን በየክፍሉ በዓይኗ ፈለገች፤ ስታጣኝ ጮኸች። ባሌ ስልኩን አንስቶ ነበር። ዝግታ ከፈለጉ ይደውሉ አሉት፤ ልጅቷ ግን አሁን ተቆጥታ እንጂ ተርባ አይደለም፤ ተቆጥቶ የሚበላ ማን አለ? ብለው ጠየቁት። አቅፈዋት በመስኮቱ ያለፈውን ያገደመውን እያሳዩ ግማሽ ሰዓት ተንጎራደዱ። ቁጣው ሲበርድ አትላሱ ላይ እግሯን አሳርፈው አስቀመጧት። ከዚያ ዱካው ላይ እርሳቸው አልተቀመጡም። አማቴን ጠሩና እዚያ ይቀመጡ አሏቸው።

አማቴ እምቢ አሉ። ዝግታ ለምን ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ያልተነፈሱትን ነገር ተነፈሱት። እኔን አትወደኝም አሉ።

ዝግታ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው፣ «የፈራችው ማንኪያውን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም» አሏቸው። «እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ልታመም እችላለሁ፣ ልቀር እችላለሁ። እርስዎ አያቷ ነዎት።» ከዚያ የአማቴን ክንድ ከክርናቸው ዝቅ አድርገው ያዙት፤ ማንኪያው ከአገጯ በታች መጣ፤ ቆመ። አማቴ እንባቸው እየወረደ ስለነበር ልጅቷን ማየት አልቻሉም። ደግ ሆነ፤ አለማየታቸው ጠቀመ። ሚጢጢ ጎንበስ ብላ በላች። በቀትር ግማሽ ሳህን፣ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ሙሉውን።

ዝግታን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠየቅኋቸው፤ የራስዎ የፈተና ቀን ነበር፣ ድሉን ለምን ለእርሳቸው ሰጡ አልኳቸው። እጃቸውን እያደረቁ ትንሽ አሰቡ። ሆስፒታልም እንዲሁ ነበር የማደርገው አሉኝ፤ በሽተኛው ተሽሎት ቤቱ ሲሄድ እኔ አብሬው አልሄድም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሚስቲቱን ወይም ልጁን ነው የማስተምረው። ከዚያ፣ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ማለቱን ትተው፣ «አንቺም ነገ ትሄጂያለሽ» አሉኝ። «አትጨነቂ፤ ቤትሽ ሰው አለው።»

የሥራ ውሉን ያዘጋጁት አማቴ ናቸው። የእኔን ሃያ ሁለት ጥያቄዎች ወረቀት ገለበጡና በጀርባው ላይ እንድጽፍ አዘዙኝ። ዝግታ የሚሉትን ይላሉ፤ ዝግታ ሊሉ ያፈሩትን ደግሞ አማቴ ይጨምራሉ። ልጅቷ ስትበላ ማንም አያቻኩልም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ዝግታ ምሳቸውን ከእኛ ጋር በጠረጴዛ ተቀምጠው ይበላሉ። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እረፍት። ማሰናበት ቢኖር የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፤ ይህኛው የአማቴ ነው፤ እኔ አንድ ወር ብዬ ነበር። ዝግታ ጽዳቱንም ደርበው እንዲይዙ ባሌ ሊጠይቅ ሲል፣ እናቱ ዞረው እጅህ ምን ሆነ አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለሉን የሚያጸዳው እርሱ ነው። እንደ አህጉር ከፋፍሎታል፤ ሳሎኑን ቅዳሜ፣ ኮሪደሩን ረቡዕ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮዬ ደረስኩ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሌላው መሐንዲስ የድልድዩን ንድፎች ዘርግቶ ቡናማ እርሳሱን እየቀረጸ ነበር። እንደማልመጣ ነግረውታል መሰለኝ፤ ሲያየኝ ብድግ አለ። ደኅና አደርክ አልኩትና ወንበሬን ሳብኩ። እርሱም ንድፉን መልሶ ጠቅልሎ በጨዋ ደንብ ሰጠኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ፤ አማቴ ናቸው። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ፤ «ካሮቱን ጨርሳለች፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ዘጉት። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ምን እንደሚያስቀኝ የጠየቀኝ አልነበረም እንጂ ብጠየቅ እናገር ነበር።

ድልድዩ አሥራ አምስት ወር ፈጀ። በመጨረሻው ሳምንት አሸዋ የጫኑ አሥራ ሁለት መኪናዎች አናቱ ላይ ደርድረን ሌሊቱን አሳደርናቸው። ድልድዩ በጭነቱ ዝቅ ይላል ብዬ ያሰላሁት ሃያ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር። ጠዋት ስንለካው አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነብቦ እጄን ጨበጠኝ።

ከሁሉ በላይ ያኮራኝ ግን ሌላ ነው። ሚጢጢ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ለክትባት ወሰድናት። ያው ሐኪም መዝገቧን ገለጠና የክብደቷን መስመር በጣቱ ተከተለው፤ ስምንተኛው ወር ላይ ተኝቶ የነበረው መስመር ከዚያ ወዲያ እንደ ደረጃ ይወጣል። ምን ሰጣችኋት ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና እንደገና ንገሪኝ አለ፤ አሁን እስክሪብቶ ይዞ። እንደ ሚጢጢ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ እንደሚመጡለትና ሲርባቸው ይበላሉ ብሎ ከመመለስ ሌላ የሚያደርገው እንደሌለ ሳይደብቅ ተናገረ። እኒህን ሴትዮ ላነጋግር እችላለሁ ወይ አለኝ።

ቅዳሜ ቤታችን መጣ። ሊጠይቃቸው ያሰበውን በወረቀት ጽፎ ነበር፤ ሳየው ራሴን አየሁ። ዝግታ ግን እርሱ ሳይጀምር መጠየቅ ያዙ። ክፍሉ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ወንበሮቹ እግር ማሳረፊያ አላቸው? ለአንዲት እናት ስንት ደቂቃ ይሰጣታል? አሥር ደቂቃ ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰዓት ካልሆነ አልመጣም አሉ። አማቴ ከጎናቸው ተቀምጠው በየመልሱ ሐኪሙን ትክ ብለው ያዩታል። ሐኪሙ አንድ ሰዓቱንም ፈቀደ፣ ወንበሮቹንም አሠራ፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ የሚያስተምሩበት ክፍል ተሰጣቸው። ስንት ልጅ ይዘሻል ብሎ አልጠየቃቸውም።

በመጀመሪያው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። አሥራ አንድ እናቶች፣ ሁለት አባቶችና አንዲት አክስት ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ የስንት ሌሊት ጭንቀት ያደከመው ፊት ነው። ሁሉም ማንኪያና ብልቃጥ አዘጋጅተው ዝግታን ይጠብቃሉ። ዝግታ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የወጣው ማንኪያ አልነበረም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ነበር፣ ትኩስ፣ ብዙ። ልጆቹን ወለሉ ላይ አስቀምጡና በመጀመሪያ እናንተ ብሉ አሏቸው። ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት እናት እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም አለች፤ ሌላዋም እኔም ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ክፍሉን ዞረ። ዳቦው ተቆረሰ። ዝግታ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ይሰጣሉ፤ ማንንም አያቻኩሉም።